የብር ናኖ ቅንጣት በዲስክ ሲመዘን

ጥያቄ፦ የብር ናኖ ቅንጣት (በናኖ ሜትር የሚለካ የብር ማዕድን ብናኝ) ሠርቼ ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ በተላመደ ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ ላይ በዲስክ ሞከርኩ። ባክቴሪያው በሚያድግበት ጄል (አጋር) ላይ፣ ቅንጣቱን ከያዘው ትንሽ የወረቀት ዲስክ ጠርዝ ወዲያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት የጠራው ቦታ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ከዚህ ብቻ ተነስተው እንዲህ አይደምድሙ። የዲስክ ሙከራ የተዘጋጀው በአጋር ውስጥ በቀላሉ ለሚሰርጉ ትንንሽ ሞለኪውሎች ነው። ናኖ ቅንጣት ከእነሱ እጅግ ስለሚገዝፍ ከዲስኩ ብዙም አይርቅም፤ ያዩትን ክብ በአብዛኛው የሠራው ከቅንጣቱ የሟሟ የብር አይዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው የብር አቶም) ነው። ከአንቲባዮቲክ ዲስክ ክብ ጋር ማወዳደርማ ፈጽሞ አያስኬድም።

ሙከራውን በፈሳሽ ይድገሙት። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ወስደው ቅንጣቱን ሙለር ሂንተን በተባለው የባክቴሪያ ፈሳሽ ማሳደጊያ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ በግማሽ እያቀጠኑ ይሂዱ። ባክቴሪያው ሲጨመር በሚሊ ሊትር 500,000 ገደማ ይሁን፤ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ16 እስከ 20 ሰዓት ያቆዩት። ቅንጣቱ ራሱ ፈሳሹን ስለሚያቀልመውና ስለሚያደፈርሰው በድፍርስነት ብቻ አይፍረዱ። ከየጉድጓዱ 10 ማይክሮ ሊትር በንጹሕ አጋር ላይ ዘርግተው በማግስቱ የበቀሉትን የባክቴሪያ ክምችቶች (ኮሎኒ) ይቁጠሩ።

ብዙዎች የሚዘሉት ማነጻጸሪያውን ነው። ባክቴሪያ ብቻ ያለበትና ቅንጣት ብቻ ያለበት ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቅንጣቱ ተጣርቶ የወጣለትን ፈሳሽ ለብቻው ይሞክሩ። እሱም እኩል ከገደለ ገዳዩ የሟሟ ብር ወይም ታጥቦ ያልወጣ ሲልቨር ናይትሬት ነው። ከ10 ናኖ ሜትር የሚያንሱት ቅንጣቶች በተራ ሴንትሪፊውጅ (በማሽከርከር በሚያዘቅጥ መሣሪያ) ስለማይወርዱ ለዚህ አልትራፊልተር የተባለውን እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ይጠቀሙ።

ቢጫው ፈሳሽ ወደ ግራጫ ከዞረ ቅንጣቶቹ ተጣብቀዋል፤ 400 ናኖ ሜትር አካባቢ የነበረው የብርሃን መምጠጥ ጫፍም ዝቅ ብሎ ይሰፋል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጨው ነው። ሲትሬት በተባለ ውህድ የተሸፈነ ቅንጣት ጨው ሲነካው ቶሎ ይጣበቃል፣ ክሎራይድ ደግሞ የብር አይዮኑን ይዞ ያዘቅጠዋል። ዕቃውን በተጣራ ውሃ ይጠቡ፤ ፒ.ቪ.ፒ. የተባለው የፖሊመር ሽፋን ጨውን የተሻለ ይቋቋማል።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያ ብርን አይላመድም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 በቦስተን ከቃጠሎ ሕሙማን ክፍል ሲልቨር ናይትሬትን የሚቋቋም ሳልሞኔላ መገኘቱ ተዘግቧል። ለቅንጣቱ ደጋግሞ የተጋለጠ ኢ. ኮላይም ፍላጄሊን የተባለ ፕሮቲን እያመነጨ ቅንጣቶቹን አጣብቆ አቅም ሲያሳጣቸው ታይቷል። ስለዚህ መላመዱን ለማየት ባክቴሪያውን ከሚገድለው ባነሰ የቅንጣት መጠን ውስጥ ደጋግመው አሳድገው፣ እድገቱን የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን በየጊዜው እንደገና ይለኩ።