ለግጥም ምሽቱ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው ሐሙስ ማታ ከመጨረሻው ረድፍ ነጠላ ለብሳ የተቀመጠችው ሴትዮ እኔ ነኝ። እዚሁ ድሬ ዳዋ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ ነይ፣ ግቢያችን የግጥም ምሽት አለ" ብላ ይዛኝ መጣች። እስኪያልቅ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ግጥሞች ስለ ፍቅር ነበሩ። ልብ ይቆስላል፣ ነፍስ ትነድዳለች። አጨበጨብን። ከዚያ አንዲት ቀጭን ልጅ የተጣጠፈ ወረቀት ይዛ ወጣች። እናቷ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች። እንደ ገዢው በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ ዋጋ ትጠራለች።

ሳንቲም ትቆጥራለች ተቀምጣ ከመንገድ፣
ቋንቋዋ ሦስት ነው፣ ድካሟ ግና አንድ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላዬ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ "ኧረ አቦ!" አለ። ድሬ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም።

ቤቴ ገብቼ ስንኟን በጣቴ ቆጠርኳት። ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለት የድምፅ ምት፤ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ነው። ጆሮ ያለው ሰው ሳይቆጥርም ይደርስበታል፤ እናንተ ግን ቁጠሩ። ደግሞም ቤት ስለመታ ብቻ ግጥም አይሆንም። ነርስ ስትሆኑ መጀመሪያ የምትማሩት ያያችሁትን መጻፍ ነው። ካርድ ላይ "በጣም ታሟል" ብላችሁ አትጽፉም። ሙቀቱ ስንት ነው? በደቂቃ ስንቴ ተነፈሰ? ሌሊት ስንቴ አስመለሰው? ያንን ያነበበ ሐኪም ሕመሙ ሳይነገረው ይገባዋል። "ልቤ ቆሰለ" ማለት ካርድ ላይ "ታሟል" ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ቁስሉን አሳዩን።

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከተማውን ሲመታ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ። ጠዋት አንዲት እናት የልጅ ጫማ፣ አንድ እግር ብቻ፣ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ውስጡ ጭቃ ሞልቷል። እሷ ማሰሪያውን ታስራለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። እኔ "ሥራ ያዝኩ" ብዬ መጻፍ የተውኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ስምንት መስመር ጻፍኩ። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ። ሐሙስ ዕለት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ላነብላችሁ ፈልጌ ሳልነሳ ቀረሁ።

ሐረር ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት ያያችሁ ትኖራላችሁ። አርተር ራምቦ ዛሬ ዓለም የሚያነብለትን ግጥም ጽፎ የጨረሰው በሃያ ዓመቱ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲገባ ለቡና ንግድ ነበር፤ ግጥሙን ከተወ ቆይቷል። ሰዎች ይህን እንደ ጥሩ ተረት ያወሩታል። እኔ ስሰማው ያመኛል። ከእናንተ መካከል በሚቀጥለው ዓመት ባንክ የምትገቡ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ የምትገቡ፣ ባቡር ጣቢያ የምትገቡ አላችሁ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ግቡ። በሳምንት አራት መስመር ይበቃል።

የተማሪ መድረክ ደግሞ አትናቁ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ስለ ድሃው ኑሮ ግጥም አንብበዋል፤ ጃንሆይ ተቀምጠው እየሰሙ። እነሱም እንደ እናንተ ልጆች ነበሩ።

በሚቀጥለው ምሽት ማዘዣዬን ይዤ እመጣለሁ፣ አነባለሁም። ማይኩ ይጮሃልና አስተካክሉት። ያቺን ልጅ ደግሞ እናቷን ይዛ እንድትመጣ ንገሩልኝ። ቀፊራ የሚዘጋበትን ሰዓት ጠብቁላቸው፤ ከፊት ረድፍም ወንበር ይያዝላቸው።