ስቱኮው ሲነሳ ብየዳው ወጣ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። የምጽፍልዎት ከጎንደር አራዳ ነው። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ መምህር ቀይ ጃዋ ሞተር ሳይክል ነበራቸው፣ ጠዋት ጠዋት ሲያስነሱት ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣ ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፣ እና ሠርቼ ትንሽ ብር ሳጠራቅም ፈልጌ ፈልጌ ባለፈው ወር በደላላ አንድ ጃዋ 350 አገኘሁ። ሻጩ አዘዞ ነው ያለው። ስሄድ ሞተሩ ግቢ ውስጥ በቀይ ቀለም እያብረቀረቀ ቆሟል፣ አንዴ ሲመታው ተነሳ፣ ሊብሬ አለው፣ ቦሎው ግን ጊዜው አልፏል። «ጣልያን ጎንደርን ሲለቅ ትቶት የሄደ ነው፣ እንዲህ ያለ ቅርስ ሁለተኛ አታገኝም» አለኝ፣ እኔም ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ፈርቼ በ85 ሺ ብር ተዋዋልን። ሁለት ምስክር አለ፣ ውሉ ላይ ደሞ «ባለበት ሁኔታ ተሽጧል» የሚል ቃል አለበት።

ከዛ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበት አጣ፣ ከግራው ማርሚታ (የጭስ መውጫው) ነጭ ጭስ ያለማቋረጥ ይወጣል፣ እየቆምኩ እያቀዘቀዝኩ በስንት መከራ ቤት ገባሁ። የሰፈር መካኒክ ሲያየው የማርሽ ዘይቱ ከግማሽ በታች ሆኗል፣ መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ ዘይት የለም። የባሰው ደሞ ሲያጥበው የመሪው አንገት ጋ ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ በጥፍሩ ሲፍቀው ስቱኮ ነው (ከቀለም በፊት የሚለሰነው መሙያ)፣ ስቱኮው ሲነሳ ከስሩ የተበየደ ስንጥቅ ወጣ። ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር በ634 ይጀምራል፣ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ሻጩ ጋ ስደውል «እኔ ደህና ሞተር ነው የሸጥኩልህ፣ ውሉን አንብበው» ብሎ ዘጋብኝ። እናቴ ሽጠውና ይቅርብህ ትላለች፣ መካኒኩ ሬቲፊካ እናስገባው፣ ማለት ሲሊንደሩ ተሞርዶ አዲስ ፒስቶን ይግባለት ይላል፣ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ? ብሬንስ ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ እግዜር ያጽናህ፣ ደብዳቤህን ሁለት ሶስቴ ነው ያነበብኩት። ስለ ብሩም ስለ ጭሱም እንነጋገራለን፣ ከዛ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንህ፣ ያንን ሞተር ዛሬ ጀምሮ እንዳትነዳው። እስከ ጋራዥ ድረስ እንኳን ቢሆን በፒካፕ ጭነህ ውሰደው እንጂ አትንዳው። የሞተር ጉዳት ቢበዛ መንገድ ላይ ያቆምሃል፣ የመሪ አንገት ግን የፊት ጎማውን ከሻንሲው (ሁሉን ከተሸከመው ዋናው ብረት) ጋር የያዘው ቦታ ነው፣ ፍሬን በያዝክ ቁጥር፣ ጉድጓድ በመታህ ቁጥር ጫናው የሚያርፈው እዛ ላይ ነው፣ ስንጥቅ ደግሞ ባለበት አይቆምም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሄደ አንድ ቀን ይበጠሳል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ስትወርድ ቢበጠስ ምን እንደሚሆን አንተው ገምት። ለዚህ ነው ከጭሱ በፊት ይሄን ያስቀደምኩት፣ መካኒክህ ስለ ሬቲፊካ ሲያወራ ስለዚህ ምንም አለማለቱ ራሱ አሳስቦኛል።

ቀጥሎ፣ መካኒክህ ምንም ነገር እንዳይፈታ ንገረው። ስቱኮው የተነሳበትን ቦታ ከቅርብም ከሩቅም በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ የወደቀውን የስቱኮ ስባሪ በፌስታል ቋጥረህ አስቀምጥ፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይና እሱንም ፎቶ አንሳ። የጃዋ ሻንሲ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚመታው እዛው የመሪው አንገት ላይ ስለሆነ ብየዳው ቁጥሩን ነክቶት እንደሆነ ቀስ ብለህ እይ። ይሄን አጥብቄ የምነግርህ ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተበላሽቶ ከሆነ ነገሩ ከጥገና አልፎ ሌላ ጣጣ ስለሚያመጣ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚባል አለ፣ ተሽከርካሪ የሚታወቀው በነዚህ ቁጥሮች ነው፣ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ስም ማዞርም ቦሎ ማደስም ያስቸግርሃል፣ ስለዚህ ማንም ሰው እዛ ቦታ ላይ በመሞረጃ ማሽን እንዳይፍቅ ወይም እንዳይበይድ መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሽያጭ ክፍሉ፣ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው መድን እንደሆነ ይናገራል። ገዢም ግዴታ አለበት፣ ዕቃውን እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ምን እንደሆነ ለይቶ ለሻጩ ማሳወቅ። አንተ በስልክ ደውለሃል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ስልክ ተዘግቶብሃል፣ ማስረጃም የለህም። ስለዚህ ዛሬውኑ በጽሑፍ አድርገው፣ «በዚህ ቀን ከእርስዎ የገዛሁት ሞተር የመሪው አንገት ላይ በስቱኮና በቀለም የተሸፈነ የተበየደ ስንጥቅ አግኝቻለሁ፣ የማርሽ ዘይትም ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው» ብለህ፣ ቀን ጽፈህ፣ ሁለት ኮፒ አድርገህ፣ ሲዋዋሉ የነበሩት ምስክሮች ባሉበት ስጠው፣ አልቀበልም ካለም ምስክሮቹ እንዳልተቀበለ ይፈርሙልህ። ካሳወቅክ በኋላ ክስ ለመመስረት ያለህ ጊዜ አንድ ዓመት ነው፣ ዛሬ ነገ እያልክ እንዳያመልጥህ።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል እንዳስፈራህ ገብቶኛል። ተዋዋዮች የሻጭን መድንነት በውል መቀነስ ይችላሉ፣ እውነት ነው፣ ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆ ከሆነ ያ ቃል አያድነውም። እንግዲህ ጉዳይህ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፣ ቀለሙን ማን ቀባው? ከመቼ ወዲህ? ሰውየው ሞተሩን ሲገዛውም ተቀብቶ ከነበረ እሱም እንዳንተ ተሸውዶ ይሆናል፣ ከመሸጡ በፊት እሱ ራሱ አስቀብቶት ከሆነ ግን ስቱኮውን አላየሁም ማለት አይችልም። አዘዞና ጎንደር ውስጥ ቀለም የሚረጩና ላሜራ የሚሠሩ ጋራዦች ይተዋወቃሉ፣ ዞር ዞር ብለህ ጠይቅ፣ ቀይ ጃዋ በየቀኑ የሚመጣ ሥራ ስላልሆነ የቀባው ሰው አይረሳውም። ደላላውንም አትተወው፣ እሱም የሰማውን ይመስክር። እዚህ ላይ የጭሱን ጉዳይ ዋና ክርክር ባታደርገው እመክርሃለሁ፣ ምክንያቱም ሻጩ «ዳገት ላይ አስጨንቀህ አንተ ነህ ያበላሸኸው» ሊልህ ይችላል፣ ከቀለም ስር ያለ ብየዳ ግን በአንድ ቀን ጉዞ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ከሽያጩ በፊት እንደነበረ ራሱ ይናገራል።

የጣልያኑ ወሬም ይጠቅምሃል። ጣልያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 1941። ጃዋ ደግሞ የቼክ ሥራ ነው፣ ፋብሪካው የተጀመረው በፈረንጆቹ 1929 ነው፣ ያንተ ሞተር ላይ ያለው 634 የሚለው ቁጥር የሞዴሉ መለያ ነው፣ ያ ሞዴል መሠራት የጀመረው በፈረንጆቹ 1973 ነው። ማለትም ጣልያን ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ። ውሉ ላይ ይሄ ነገር ተጽፎ ከሆነ ወይም ምስክሮቹ ሲናገር ሰምተው ከሆነ ቃላቸውን ያዝ፣ ዋጋውን ያስወደደው ያ ወሬ ነውና። ደሞ ይሄ ማለት ጃዋህ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፣ 634 ጠንካራ ሞተር ነው፣ እኔ በግሌ የምወደው ነው፣ የመርገጫ ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ ስታዞረው ያው ዘንግ ማስነሻ ይሆናል፣ ተነስቶ ሲመለስ ማርሽ መቀየሪያ ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ነገር አሁን የት ይገኛል።

ፍርድ ቤት ከመሄድህ በፊት ግን ሽማግሌ ላክ። ሁለት የሚያከብራቸው ሰዎች ይዘህ፣ ስቱኮውን ይዘህ፣ ደብዳቤውን ይዘህ ሂድ። ብሩን ሙሉ መልሶ ሞተሩን ቢወስድ አንድ ነገር ነው፣ ካልሆነ ሻንሲ ማሠሪያውን ይክፈል። ውሉን ማፍረስ ይሻልሃል ወይስ ኪሳራ መጠየቅ የሚለውን ጠበቃ አማክር፣ እሱ ከኔ በላይ ያውቃል።

ወደ ጭሱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሬቲፊካ የምትለዋን ነገር ማስቆም አለብኝ። ጃዋ 350 ቱ ስትሮክ ነው፣ ማለትም የሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚገባበት ዓይነት፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ትክክለኛ መጠኑ 343 ሲሲ። ቱ ስትሮክ ቤንዚኑንና አየሩን መጀመሪያ የሚስበው ክራንክሻፍቱ ወዳለበት ክፍል ነው፣ ያ ክፍል እንደ ጠርሙስ የታሸገ መሆን አለበት፣ የሚያሽገው ደግሞ ክራንኩ ጫፍና ጫፍ ላይ ያለው ኦይል ሲል የሚባለው የጎማ ቀለበት ነው። በግራ በኩል ፍሪሲዮንና ዋናው ካቴና (ሰንሰለቱ) በማርሽ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠሩት፣ የግራው ኦይል ሲል ሲደርቅና ሲበላ ሞተሩ በሳበ ቁጥር ያንን ዘይት አብሮ ይስበዋል፣ ዘይቱ ይቃጠላል፣ በግራው ማርሚታ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ የማርሽ ዘይት የጎደለበት ምክንያት ይሄ ነው፣ የነገርከኝ ሁሉ እዚህ ላይ ይገጥማል። ታድያ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ወስደህ ሬቲፊካ ብታስገባ፣ አዲስ ፒስቶንና አዲስ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ብትገጥም፣ ሲሉ ያው ከሆነ ጭሱ ያው ነው፣ ብርህ ግን ሄዷል። ስለዚህ በቅድሚያ ሲሎቹን በሁለቱም በኩል ቀይር፣ በሁለቱም ያልኩት የቀኙ ካለቀ ዘይት ሳይሆን አየር ስለሚያስገባ ነው፣ አየር ሲበዛ ሞተሩ ይግላል፣ ሲብስ ፒስቶኑ ይጣበቃል። ሲል ሲከፈት ክራንኩን በእጅህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፣ የሚጫወት ከሆነ ኩሽኔታው (ክራንኩ የሚሽከረከርበት) አልቋል ማለት ነው፣ በሱ ላይ አዲስ ሲል ብትከት ቶሎ ይበላዋል፣ ያን ጊዜ ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል፣ ሬቲፊካ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውም የሚታወቀው ያኔ ተለክቶ ነው።

ጉልበት ማጣቱን በተመለከተ ሁሉንም በሲሉ ላይ አላሳብብም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ይሰንፋል። ካንዴላዎቹን ነቅለህ አስተያያቸው፣ ሁለቱም ደረቅ ጥቁር ከሆኑ ካርቡራተር ነው፣ የግራው ብቻ ረጥቦ ዘይት ከያዘ ሲሉ ነው። እግረ መንገዴን ልንገርህ፣ ጎንደር ላይ ጄቱን (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አሳንሰህ አስተካክለኸው ወደ መተማ ብትወርድ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ እዛ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ቱ ስትሮክን የሚገድለው ይሄ ነው። ተጠግኖ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትር እኔ 1 ለ30 ነው የምቀላቅለው፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 33 ሚሊ ሊትር ያህል የቱ ስትሮክ ዘይት፣ ከዛ ወደ 1 ለ40 መመለስ ይቻላል።

ሻንሲው? ብየዳ በብየዳ ላይ አታስደርብ። የድሮው ብየዳ ተፍቆ እስከ ንጹህ ብረት ድረስ ወጥቶ፣ ስንጥቁ የሚያልቅበት ጫፍ ተፈልጎ እዛ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ መቆሙ ተለክቶ፣ ከዛ ነው በብረት ድጋፍ የሚበየደው፣ ይሄን የሚሠራልህ የበር ሠራተኛ ሳይሆን ሻንሲ ሲሠራ የኖረ ሰው ይሁን። እናትህ ሽጠው ያሉህ ላንተ ፈርተው ነው፣ አልፈርድባቸውም፣ ግን ስንጥቁን ሳትናገር ለሌላ ልጅ እንዳትሸጠው አደራ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከቆላድባ ነኝ። ያማሃ ዲቲ 125 አሮጌ ልገዛ ነው፣ ሰውየው ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ነው፣ መካኒክ ይዤ የምሄድበት አቅም የለኝም፣ እኔው ራሴ ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ሳትደውል ሂድ ወይም በጠዋት ሂድ፣ ስትደርስ መጀመሪያ ሞተሩን በእጅህ ንካው፣ ሞቆ ከጠበቀህ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፣ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጥተህ ተመለስ፣ ችግር ያለበት ሞተር የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ፣ ታንኩና ሻንሲው ላይ ስታስጠጋው የማይስብበት ቦታ ካለ ስቱኮ አለ። የመሪውን አንገት ዙሪያ በስልክ መብራት እይ፣ ከላይ ያለው ወንድምህ የደረሰበትን አንብበሃል። ታንኩንም ክፈትና ውስጡን በስልክ መብራት እይ፣ በላይተር ወይም በሻማ እንዳታይ እለምንሃለሁ፣ ዝገቱ እንደ ቅርፊት የሚነሳ ከሆነ ካርቡራተሩን ሁልጊዜ ሲደፍንብህ ይኖራል። ከዛ ረጅም ክር ውሰድና ከኋላ ጎማ ጎን አስነክተህ ወደ ፊት ጎትተው፣ በሁለቱም በኩል እንዲሁ አድርግ፣ መሪው ቀጥ ብሎ እያለ የፊት ጎማው ከሁለቱም ክሮች እኩል ካልራቀ አንድ ጊዜ ተጋጭቷል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሳታስተያይ ብር እንዳትቆጥር።

ዲቲም እንደ ጃዋው ቱ ስትሮክ ነው፣ ግን አንድ የተለየ ነገር አለው። ዘይቱ ለብቻው ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው፣ በፓምፕ ነው ወደ ሞተሩ የሚሄደው፣ እዚህ አገር ግን ብዙ ሰው ፓምፑ ሲበላሽ ነቅሎት በእጁ ቤንዚን ውስጥ ይቀላቅላል። ሻጩን «ፓምፑ ይሠራል ወይስ ትቀላቅላለህ?» ብለህ ጠይቀው፣ መልሱን ብቻ አትመን፣ የዘይቱን ቱቦ ተከትለህ ሞተሩ ጋ መድረሱን በዓይንህ እይ። ተነቅሎ ከሆነና አንተ ሳታውቅ ንጹህ ቤንዚን ሞልተህ ወደ ቆላድባ ከተነሳህ ቤትህ ሳትደርስ ፒስቶኑ ይጣበቃል።