የምሳ ሰዓት ካሜራ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የቢሮ ሠራተኞች የደረሱን ጥያቄዎች

የዚህ ዙር ጠያቂዎች ቀኑን ጠረጴዛ ላይ የሚያሳልፉና ፎቶ ማንሳትን ለመንፈሳቸው የያዙት ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ «ምን ካሜራ ልግዛ?» ብለው ይጀምራሉ። መልሶቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ መስኮት፣ ስለ ግድግዳና ስለ ሰዓት ሆነዋል፤ የላኳቸውን ፎቶዎች ያበላሸው እሱ ነውና።

ከፒያሳ፣ ደሴ፦ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ነፃ የምሆነው ከ6:30 እስከ 7:30 ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ያነሳሁት ሰው ሁሉ ዓይኑ ሥር ጠቁሮ፣ ግንባሩ አብረቅርቆ ይወጣል። ስልኬ ነው ችግሩ?

ስልክዎ ምንም አላጠፋም። የአገራችን ሰዓት የተሰላው ከደሴ በስተምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ መስመር ስለሆነ ፀሐይ ደሴ ላይ ከሁሉ ከፍ የምትለው 6:20 ገደማ ነው፤ እንደ ወሩ ከ6:05 እስከ 6:35 ወዲያና ወዲህ ትላለች። እርስዎ ለምሳ ሲወጡ እሷ አናትዎ ላይ ናት ማለት ነው። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ቀጥ ብላ ስለምትቆም ቅንድብ ዓይንን፣ አፍንጫ ከንፈርን ያጨልማል። ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ያኔ የምሳ ሰዓት ብርሃን እንኳ ለፊት ይመቻል።

በሌላው ወር በረንዳ ይፈልጉ። ሰውየውን ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ያቁሙትና ፊቱን ወደ ደጅ ያዙሩት። ፀሐይ የመታው መሬት ወይም ፊት ለፊት ያለ ነጭ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ይረጭለታል፤ የዓይኑ ሥርም ይፈካል። ሦስት አራት እርምጃ ከገባ ብርሃኑ ይሞታል፣ ፎቶውም ይሻክራል። እርስዎ ደጁ ላይ ሆነው ወደ በረንዳው ያንሱ። ተገላቢጦሹን ካደረጉ ስልኩ ከኋላ ያለውን ጎዳና አይቶ ፊቱን ያጠቁረዋል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊቱ ያለበትን ቦታ ሁለት ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋሉ። ጣትዎን ትንሽ ወደ ታች ጎትተው ብርሃኑን ቀነስ ያድርጉት። ነጠላ የለበሱ እናት ሲያነሱ ይህ የግድ ነው፦ ጥለቱና ሽመናው አንዴ በነጭ ብርሃን ከተዋጠ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አይመልሰውም፤ ትንሽ የጠቆረ ፊት ግን በኋላ ይቃናል።

በረንዳ ከሌለ ጃንጥላ አለ። ነጭ ወይም ነጣ ያለ ጃንጥላ ፀሐይዋን አለስልሶ ያሳልፋል። ቀይ ከሆነ ፊቱም ይቀላል፣ አረንጓዴ ከሆነ ሰውየው የታመመ ይመስላል። ጥቁሩ ጥላ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እሱም ቢሆን ከባዶ አናት ይሻላል።

«ከሥራ ስወጣ 11:30 ላይስ?» ለሚሉ፦ የጦሳ ተራራ በምዕራብ በኩል ስለቆመ ጥላው ከመጥለቂያዋ ሰዓት ቀድሞ ከተማው ላይ ይወርዳል። ወርቃማውን ብርሃን የፈለገ በጠዋት ይነሳ። ፀሐይ ከአዝዋ ገደል በኩል ወጥታ የጦሳን ጎን ስትመታ፣ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ወደ ቢሮ የሚወስደው መንገድ ራሱ በቂ ነው።

ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሒሳብ ክፍል፦ አዳራሽ ውስጥ ሳነሳ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር ሰንበር ይጋደማል። ሌንሱ ተሰንጥቆ ይሆን?

ሌንሱ ደህና ነው፤ ሰንበሩ የመብራቱ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉና የሸምበቆ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይን አያየውም፤ ስልኩ ግን ምስሉን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚያነበው የፈዘዘበት ቅጽበት ላይ የተነበቡት መስመሮች ጠቁረው ይቀራሉ። ፕሮ ሞድ (ሁሉን በእጅ የሚያስተካክሉበት) ውስጥ ገብተው የሻተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ ያድርጉት፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከ400 እስከ 800 ያቆዩት። 1/50 ላይ የሚራመድ ሰው ይደበዝዛል፣ የቆመ ሰው አይደበዝዝም። ቪዲዮ ላይም ከታየ የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የፍሊከር (የመብራት ደመቅ ፈዘዝ) ምርጫ ከ60 ወደ 50 ይቀይሩ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ ሰንበሩ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ ወደ መስኮት መሄድ ነው።

መስኮት አጠገብ ከሆኑ ደግሞ በዚያ በኩል ያለውን መብራት ያጥፉት። ግማሹ ፊት በሰማይ ብርሃን ሰማያዊ፣ ግማሹ በአምፖል ቢጫ ከሆነ አንዱን ሲያቃኑ ሌላው ይበላሻል።

ከሆጤ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ ቀኑን ሙሉ ያው ዶሴ፣ ያው ማኅተም፣ ያው ግድግዳ ነው። ውጭ የመውጣት ዕድል የለኝም። እዚህ ውስጥ ምን የሚነሳ ነገር አለ?

ዶሴውና ማኅተሙ አሉ። ይህን የምንለው ለማጽናናት አይደለም። ጠዋት የሚወጣ ሰው ብርሃን ፍለጋ ይዞራል፤ እርስዎ አንድ መስኮት አለዎት፣ በየትኛው ሰዓት የት ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ በሳምንት ውስጥ በቃልዎ ያውቁታል። ለአንድ ወር ፊት የሚባል ነገር ይተዉና እጅ ብቻ ያንሱ።

ማኅተም ከሚመታ እጅ ይጀምሩ። ጠረጴዛውን መስኮቱ በጎን በኩል እንዲሆን ያዙሩት። ስልኩን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ በእጁ ቁመት ዝቅ አድርገው ይያዙ፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር ከቀረቡ አብዛኛው ስልክ ፎከስ ማድረግ ያቅተዋል። በ1/60 እጁ ይደበዝዛል፣ በ1/250 ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለእኛ ግን የበለጠው ሦስተኛው ነው፦ ስልኩን በተደራረቡ ዶሴዎች ላይ አስደግፈው በ1/30 ሲያነሱ ወረቀቱ ጥርት ብሎ እጁ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ሥራው ሥራ ይመስላል። ማንሻውን ተጭነው ይዘው በተከታታይ ያንሱና ሁለት ቅጽበቶችን ይፈልጉ። አንዱ ማኅተሙ ወረቀቱን ሊነካ ሲል፣ ከሥሩ ቀጭን ጥላ ሲታይ ነው። ሌላው ማኅተሙ ከተነሳ በኋላ እርጥቡ ቀለም ሲያብረቀርቅ ነው፤ ይህ የሚታየው መስኮቱ ከፊትዎ ሲሆን ብቻ ነው፣ ቀለሙም ወዲያው ይደርቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ የማኅተሙ ጽሑፍ ከነክቡ የሚነበብበት ፎቶ ከስልክዎ አይውጣ። ጥርት ያለ የማኅተም ምስል ለአስመሳይ ሰነድ ሠሪ ስጦታ ነው። የባለጉዳይ ስምም እንዲሁ። ወረቀቱን ወደ ጎን አዘንብለው ወይም ፎከሱን ጣቶቹ ላይ አድርገው ጽሑፉን ያደብዝዙት።

የ4 ሰዓቷን ቡናም አይርሱ። እንፋሎት ከፊቱ ብርሃን ሲመታው አይታይም። ሲኒው በእርስዎና በመስኮቱ መካከል ይሁን፣ መስኮቱ ራሱ ፎቶው ውስጥ አይግባ፣ ከኋላ ደግሞ ጠቆር ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የፋይል ካቢኔት፣ ይቁም። ብርሃኑን እስከ ሲቀነስ 1 ያውርዱ። እንፋሎቱ ነጭ ክር ሆኖ ይወጣል። አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር እንፋሎቱ ይወፍራል፤ በዚህስ ደሴ ኮምቦልቻን ትበልጣታለች።

ከአራዳ፣ ደሴ፦ የባልደረቦቼን ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ ባጅ እንዳነሳ ተጠየቅሁ። አፍንጫቸው ተልቆ ይወጣል፣ እነሱም ይቆጣሉ።

ቀርበው ስላነሱ ነው። በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት አፍንጫ ከጆሮ በብዙ ይቀርባል፣ ስለዚህ ይገዝፋል። ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ይራቁና በ2 ዙም ያንሱ፤ ስልኩ ለዚያ የሚሆን ሁለተኛ ሌንስ ከሌለው ዙም ሳያደርጉ አንስተው በኋላ ይቁረጡት። ሰውየው ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፣ አለበለዚያ ጥላው ጀርባው ላይ ይለጠፋል። መስኮቱ ከፊቱ በስተጎን፣ በሌላው ጎን ደግሞ አንድ ሰው ነጭ ካርቶን ይያዝለት። መነጽር ካንጸባረቀ የመነጽሩን እጀታ ከጆሮው ላይ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ማሳመሪያውን ፊልተር ያጥፉ፤ መታወቂያው ሰውየውን መምሰል አለበት።

ከኮምቦልቻ፣ የባንክ ሠራተኛ፦ ያገለገለ ካሜራ ልገዛ ነው። ምን ምን ልይ?

መጀመሪያ ሌንሱን ፈትተው በስልክ ባትሪ ብርሃን በውስጡ ይመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካዩ ፈንገስ ነው፤ ዋጋ ከመከራከር ጥለው ይሂዱ። እርጥበት ባለበት ቦታ፣ በተለይ ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ነው ይህ የሚይዘው። አቧራ ብቻ ከሆነ አያስጨንቅዎ።

ቀጥሎ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ የf ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) f/16 ላይ አድርገው ነጭ ግድግዳ ያንሱ። ያው ነጥብ በሁለት በሦስት ፎቶ ላይ ያው ቦታ ከታየ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ቆሻሻ አለ፤ ሊጸዳ ይችላል፣ ዋጋ ግን ያስቀንሱበት። የራስዎን ሚሞሪ ካርድ ይዘው ይሂዱና ያነሱትን ቢሮ ወስደው በኮምፒውተር ይዩት። ኒኮን ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፋል። እንደ ዲ3300 ያሉት ለ100,000 ምት ተፈትነዋል፤ 90,000 የደረሰውን በአዲስ ዋጋ አይግዙ። የካኖን ጀማሪ ካሜራዎች ግን በአብዛኛው ይህን ፋይሉ ውስጥ አያሰፍሩም፤ በሻጩ ቃል ብቻ አይመኑ፣ የማንሻውንና የመያዣውን መላላጥ ይዩ።

ቀሪ ብር ካለ 50 ሚሊ ሜትር f/1.8 ሌንስ ይግዙ። አብሮ የሚመጣው ሌንስ ዙም ተደርጎ f/5.6 ላይ ከሚያስገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ገደማ ያስገባል፤ ለቢሮ ከፍላሽ ይሻላል። ዲ3300ንና መሰሎቹን ከያዙ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሑፍ ያለውን ይምረጡ፤ እነዚህ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌለ የድሮው ኤኤፍ-ዲ ሌንስ በእጅ ብቻ ነው የሚሠራላቸው።

ስልክዎ ደህና ፎቶ እያነሳ ካሜራ የሚገዙት ተነሳሽነት ይመጣል ብለው ከሆነ ግን ብርዎን ያቆዩት። አይመጣም።

ባልደረባዬን ሳነሳ «ለምን?» አለችኝ። መብቷ ነው?

አዎ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ያስቀመጣቸው በስተቀሮች አሉ፤ የሕዝብ በዓልና ሥነ ሥርዓት፣ የመንግሥት ኃላፊነት የያዘ ሰው የመሳሰሉት። ቡና ላይ ያለች የሥራ ባልደረባ እዚያ ውስጥ አትገባም። አስቀድመው ይጠይቋት፣ ያነሱትን ያሳዩዋት፣ «አጥፋው» ካለች ያጥፉት።

በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ከሚኒባሱ መስኮት ሳነሳ ሁሉም ተደበዘዘ፤ ጠዋት ደግሞ ሌንሱ ይጤሳል።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚደበዝዘው ከመንገዱ ዳር ያለው ነው፦ ባሕር ዛፉ ቅርብ ስለሆነ ይሮጣል፣ ማዶ ያለው ሸንተረር ግን ይቆማል። ፍጥነቱን 1/1000 አድርገው ራቅ ያለውን ያንሱ። ስልኩን ከመስታወቱ አጠገብ ያድርጉት እንጂ አያስነኩት፤ ንዝረቱ ይተላለፋል። ጥቁር ሻርፕ በዙሪያው ከያዙ የመስታወቱ ነጸብራቅ ይጠፋል። ጠመዝማዛው ላይ መኪናው ሲዞር ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የተሻለው ቅጽበት ያ ነው።

ጤዛው ግን ከቅዝቃዜ የሚመጣ ነው። ደሴ የቀዘቀዘው ካሜራ በሰው ትንፋሽ የሞላ ሚኒባስ ውስጥ ሲወጣ እርጥበቱ ሌንሱ ላይ ያርፋል። ቁልቁል 600 ሜትር ያህል ሲወርዱም አየሩ በ4 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ቦርሳውን ሳይከፍቱ 20 ደቂቃ ይታገሱ፤ በሸሚዝ ጫፍ አይጥረጉት፣ አቧራው ይቧጭራል። የክረምቱን ጉም ሲያነሱ ደግሞ ብርሃኑን በሲደመር 1 ከፍ ያድርጉ፤ ካሜራው ነጩን ጉም አመድ ማድረግ ይወዳል።

ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ፦ የቢሮአችንን ኮሪደር በፎቶዎቻችን ልናስጌጥ ነው። በቴሌግራም ሰብስቤ ፎቶ ቤት ሳሳጥብ ደብዝዘው ወጡ።

ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ብዙውን ጊዜ ረጅሙን ጎን 1280 ፒክስል አድርጎ ያሳንሰዋል። ይህ ጥርት ብሎ የሚታጠበው በ11 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለ20 በ30 ሳንቲ ሜትር ግን 2362 በ3543 ፒክስል ያስፈልግዎታል። ሁሉም «እንደ ፋይል» ይላኩልዎ፤ ከፌስቡክ የወረደውን አይቀበሉ።

ከማሳጠብዎ በፊት የስልኩን ስክሪን ብርሃን ግማሽ ላይ አውርደው ይዩት። በሙሉ ድምቀት ያማረ ፎቶ ወረቀት ላይ ይጨልማል። መጀመሪያ አንዱን ብቻ በ10 በ15 ያሳጥቡና ኮሪደሩ ውስጥ ባለው መብራት ሥር ይዩት። የፎቶዎቹ መካከል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ላይ ይዋል። ባለሁለት ገጽ ፕላስተር ኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ አይቆይም፤ ቀጭን ጣውላ በሚስማር መትተው ፎቶዎቹን በመቆንጠጫ ያንጠልጥሉ፣ ለመቀያየርም ይመቻል። መስታወት ያለው ፍሬም ካሰቡ ከመስኮት ትይዩ አይስቀሉት፤ የሚታየው መስኮቱ ይሆናል።