ጉቶው ስንት ዓመቱ ነው? ስለ ዛፍ ቀለበት ጥያቄና መልስ

ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ጉቶው ላይ ያለው ክብ ክብ መስመር ሰው ያከራክራል። እኔ በደን ሥራ ላይ የቆየሁ ስለሆንኩ ክርክሩ ወደ እኔ ይመጣል። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ሱሉልታ የገዛነው ግቢ ውስጥ ትልቅ የሐበሻ ጥድ ጉቶ አለ። ቀለበቱን ስቆጥር 112 ሆነ። ዛፉ 112 ዓመቱ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ እዚያው አካባቢ ነው፤ ግን በቁጥሩ አትማይ። አውሮፓ ውስጥ ዛፍ እድገቱን የሚያቆመው ብርድ ሲመጣ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀለበት ይሠራል፣ አለቀ። የእኛን ደጋ ዛፍ የሚያስቆመው ግን በጋው ነው። ዝናብ ሲኖር ፈዘዝ ያለ ሰፊ እንጨት ይሠራል። ዝናቡ ሲያልቅ ሴሎቹ እያነሱ፣ ግድግዳቸውም እየወፈረ ይሄዳል። የምታዪው ጥቁር መስመር ያ ነው።

ችግር የሚፈጥረው በልግ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደህና ዘንቦ፣ ግንቦት ደርቆ፣ ሰኔ ላይ ክረምቱ ከገባ ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሊያሰምር ይችላል። በክፉ ዓመት ደግሞ በግንዱ አንድ ጎን ጭራሽ ላያድግ ይችላል። በዚያ ላይ የጥድ ግንድ ድቡልቡል ያለ ክብ አይደለም፤ ገባ ወጣ ይላል። በገባው በኩል ቀለበቶቹ ተጣብቀው ይጠፋሉ።

ጉቶውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው፣ ከሻካራው ጀምረሽ እስከ ልስልሱ። ከዚያ በማጉያ መነጽር በሦስት አቅጣጫ ቁጠሪ። ሦስቱ ቁጥሮች እንደማይገጥሙ ከወዲሁ ልንገርሽ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ፦ ጉቶው ወገብ ድረስ ከሆነ፣ ችግኙ እዚያ ከፍታ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ ቆጠራው ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ባለሙያዎቹ በምን እርግጠኛ ይሆናሉ?

መልስ፦ አንድ ዛፍ ብቻውን አያምኑም። ዘዴውን ያደራጀው አንድሪው ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሰው ነው፤ የዛፍ ሰው እንኳን አልነበረም። አሪዞና ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች የሚበዙበትንና የሚያንሱበትን ዑደት በዛፍ ላይ እፈልጋለሁ ብሎ ገባ። ያገኘው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ በአንድ አካባቢ ያሉ ዛፎች የጠባብና የሰፊ ቀለበት ተራቸው አንድ ዓይነት መሆኑን አስተዋለ። ጠባብ፣ ሰፊ፣ ሰፊ፣ በጣም ጠባብ። ይኸው ተራ በሃያ ዛፍ ላይ ከተደጋገመና አንዱ ዛፍ ላይ አንድ ቀለበት ከጎደለ፣ የጎደለበት ቦታ ይታወቃል። የተጨመረ ሐሰተኛ ቀለበትም እንደዚሁ ይጋለጣል። ማመሳሰል የሚሉት ይህን ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ አሪዞና ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 ለዚሁ ሥራ ላቦራቶሪ አቋቋመ።

ለእኛ ዓይነት አገር ሌላም ማረጋገጫ አለ፤ እሱ ደግሞ ከቦምብ የመጣ ነው። በፈረንጅ 1950ዎቹና 1960ዎቹ አየር ላይ የተሞከሩት የኑክሌር ቦምቦች በከባቢ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 (ጨረር ያለው የካርቦን ዓይነት ነው) አበዙት። ዛፍ ሁሉ ያን አየር ሳበ። ቀለበቶቹን ላቦራቶሪ ወስደህ ካርቦኑ ጣራ የነካበትን ስታገኝ፣ ያ በፈረንጅ አቆጣጠር 1963 እና 64 አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ ቅርፊቱ ትቆጥራለህ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ካለፉት ዓመታት ጋር ከገጠመ ቀለበቱ ዓመታዊ ነው። (የዘመኑ ፖለቲካ እስካሁን ጥድ ውስጥ መቀመጡ ይገርመኛል።)

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የደብራችን ግቢ ትልልቅ ጥዶች አሉ። ሳይቆረጡ ዕድሜያቸው ይታወቃል?

መልስ፦ ይታወቃል አባቴ። ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን መሰርሰሪያ አለ። በእጅ እየተሽከረከረ ወደ ግንዱ ይገባል፤ ሲወጣ እንደ እርሳስ የቀጠነ እንጨት ይዞ ይወጣል። ቀለበቱ እዚያ ላይ ይነበባል። ችግሩ ብዙ አሮጌ ጥድ ልቡ የበሰበሰ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብረው ጠፍተዋል፤ ስለዚህ «ቢያንስ ይህን ያህል» ብቻ ይባላል። ለማንኛውም የደብሩን አስተዳዳሪ ሳያስፈቅድ መሰርሰሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ አያስገቡት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዛፍስ? እንጦጦ ሥር አለን።

መልስ፦ እዚያ ላይ አትልፋ። ባሕር ዛፍ እርጥበት እስካገኘ ያድጋል፤ መስመሩ ብዥ ያለ ነው። ደግሞም ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ነው። ግንዱን ብትቆጥር የምታገኘው ከመጨረሻው ቆረጣ ወዲህ ያለውን ነው እንጂ የሥሩን ዕድሜ አይደለም። ዛፉ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በፈረንጅ 1890ዎቹ ነው፤ ለማገዶና ለቤት ሥራ የጥዱ ደን ስላለቀ።

ጥያቄ፦ የ77ቱ ድርቅ በመናገሻ ጥዶች ላይ ይታያል? የመናገሻን ደን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ መሆናቸውንስ በቀለበት ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ ሁለት ጥያቄ ነው። ድርቅ በደንብ የሚጻፈው ውኃ በሚያጥርበት ቦታ ባለ ዛፍ ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ግራሮች ላይ የተሠራ ጥናት ጠባብ ቀለበቶቹ ከኤልኒኖና ከድርቅ ዓመታት ጋር እንደሚገናኙ አሳይቷል። የሰሜን ጥዶችን ቀለበት ይዘው የዓባይን የድሮ ፍሰት ለመገመት የሞከሩም አሉ። አዲስ አበባ ዙሪያ ግን በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ዛፉን ከዝናብ ይልቅ የሚያስጨንቀው ጎረቤቱ ነው። ጥላ የሚያደርግበት ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ቀለበቱ በድንገት ይሰፋል። ይህን አይቶ «ዝናቡ ጥሩ ነበር» የሚል ሰው ተሸወደ። ለደን ጥናት ግን ያ ራሱ ወርቅ ነው፤ መቼ ጨፍጭፈው እንደሄዱ ይነግርሃል።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ነው፤ ችግኙን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን እንዳስመጡ ይነገራል። ቀለበት የዛሬውን ዛፍ ዕድሜ እንጂ የተካዩን ስም አያወጣም።

ጥያቄ፦ የአያቴ ቤት ቋሚዎች ጥድ ናቸው። መቼ እንደተሠራ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ቅርፊቱ ወይም ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻ ቀለበት ካለ ተስፋ አለው፤ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት እሱ ነው። በመጥረቢያ ጠርበውት ከሆነ የውጪዎቹ ዓመታት ሄደዋል። ግን ለማመሳሰል ከዚያው አካባቢ በቁም ካሉ አሮጌ ጥዶች የተወሰደ ተራ ያስፈልጋል። ቋሚውን ከላይ በኩል፣ ጣሪያው ሥር እየው። እዚያ ቅርፊት ሳይላጥ የቀረ አይጠፋም።