መልስ፦ በቀቀኔ ሀሳቤን ያነባል ወይ?

እህቴ፣ በቀቀኔ ገና ደጅ ሳልደርስ ስሜን መጥራት ይጀምራል፣ ቴሌፓቲ (ያለ ንግግር ሀሳብ ማንበብ) ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ አይመስለኝም፣ ግን የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ ንኪሲ የሚባል ግራጫ የአፍሪካ በቀቀን ነበር፣ ሩፐርት ሼልድሬክ የሚባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከወፉ ባለቤት ጋር ሆኖ ፈትኖታል፣ እሷ ሌላ ክፍል ሆና ፎቶ ታያለች፣ ወፉ ብቻውን የሚለፈልፈው ደግሞ ይቀረፃል፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያወጡ የወፉ ቃል ከፎቶዎቹ ጋር በአጋጣሚ ከሚሆነው በላይ ገጥሟል አሉ። ችግሩ ወፉ ከፎቶዎቹ ጋር የሚሄድ ቃል ያላወጣባቸው ሙከራዎች ከሂሳቡ ወጥተዋል፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ቀዳዳ ነው።

ይልቅ አይኑንና ጆሮውን አትናቂ። ወፍ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት የሚባለውን ብርሃን ሁላ ያያል፣ የእግርሽን ኮቴና የቁልፍሽን ድምፅ ከጎረቤት ለይቶ ቢያውቅ ምን ይገርማል? ሃንስ የሚባለው የበርሊን ፈረስም ሂሳብ ይችላል፣ መልሱንም እግሩን እየመታ ይቆጥራል ተብሎ ነበር፣ በኋላ ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሲያጣራው ፈረሱ የጠያቂውን ትንሽዬ የጭንቅላት ንቅናቄ አይቶ ነው እግሩን መምታት የሚያቆመው፣ ጠያቂው ራሱ ማድረጉን አያውቅም!

በእውነት ማወቅ ከፈለግሽ ኬጁ ፊት ካሜራ ትተሽ ውጪ፣ የመመለሻ ሰዓትሽን ሌላ ሰው በእጣ ያውጣልሽ፣ ቤት ያሉት እንዳይሰሙ፣ ጫማም ቀይሪ። ከዛ ስምሽን የጠራበትን ሁሉ ቁጠሪ፣ ያልመጣሽበትንም ጭምር፣ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ደሞ ላባውን ነፍቶ ዝም ካለ ምን እያሰበ ነው ብለሽ አትቀመጪ፣ ወፍ ህመሙን ይደብቃል፣ ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው።