«የራሴ ቅኝት ነው»

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ክራር የምማረው ከስልክ ቪዲዮ ነው። ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ አስተማሪ ጋ መመላለስ ለኪስም ለጊዜም ይከብዳል። ሰፈራችን ያለ ሠርግ ላይ የሚጫወት ክራር መቺ ሰምቶኝ «ቅኝትህ ተበላሽቷል» አለኝ። የኔ ግን ሙከራ ነው፤ የራሴ ቅኝት ነው። አስተማሪ ፈጠራን አይገድልም?
ክራር ወዳዱ፣ ከሱሉልታ

ወንድሜ፣ ክሮቹን በሙሉ አላላቸውና «የራሴ» ያልከውን ቅኝት እንደገና ቃኝ። ያው ድምፅ ከመጣ የራስህ ነው፣ ማንም አይነካህ። ካልመጣ ግን ክሩ ረግቦብህ ነው፤ አዲስ ናይለን እስኪሳብ ድረስ እየደጋገመ ይረግባል። የረገበ ክርን ሙከራ ማለት ጉራ ነው፣ አትቀየመኝ።

ለቅኝት አስተማሪ አያስፈልግህም፤ ስልክህ ላይ የመቃኛ አፕ ጫን። ከዶ ከተነሳህ ትዝታ ሙሉ የሚባለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ስድስተኛው ክር የመነሻው ኦክታቭ ነው፣ ማለትም ያው ዶ በሌላ ከፍታ። ሚን እና ላን ግማሽ ድምፅ (ትንሿን የድምፅ እርከን) ብታወርድ ትዝታ ግማሽ ይሆናል። ከዚያ ሬን ግማሽ አውርደህ፣ የወረደውን ሚ ደግሞ እስከ ፋ ብታወጣ አምባሰል ገባህ። ሶልን ግማሽ አውርደህ ላን ወደ ቦታው ብትመልስ አንቺ ሆዬ ነው። የሚያስቸግረው ይሄኛው ነው፤ ፋ እና የወረደው ሶል በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚራራቁ አንዱ ትንሽ ከረገበ ወዲያው ያስጠላል። ድምፅ ስታወርድ ከሚፈለገው በታች አሳልፈህ አላላውና ከታች ወደ ላይ እያጠበቅህ አምጣው፤ እያላላህ ያቆምከው ክር ሁለት ዘፈን አይቆይም።

ስልክ የማያስተምርህ ግራ እጅን ነው። ድርድር ስትጫወት፣ ማለትም ክሮቹን አንድ በአንድ በጣት ስትመታ፣ ጣትህ የሚነካውን ክር ራስህ ትሰማዋለህ፣ ትታረማለህ። ግርፍ ላይ ግን ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይገርፋል፣ የማይፈለጉትን የሚያፍነው ግራው ነው፤ እንዲሰማ የተፈለገው ክር ላይ ያለው ጣት ብቻ ይነሳል። ጀማሪ ጣቱን አርቆ ያነሳል፤ ሲመልሰው ይዘገይና ያለፈው ድምፅ ከሚቀጥለው ጋር ይቀላቀላል። ጣትህ ምን ያህል እንደተጫነ ቪዲዮ አያሳይም፣ አንተም በራስህ ላይ አታየውም። ፈጠራህ የሚገደለው እዚህ ነው፤ ያሰብከው ዜማ በጭጋጋም ድምፅ ይሸፈናል።

ስለዚህ እንጦጦን አትሻገር። የወቀሰህን ሰው ለአንድ ሰዓት ክፈለውና ግርፍህን እያየ ግራ እጅህን ብቻ እንዲያርምልህ ጠይቀው። ክራሩን ቤትህ ቃኝተህ ሂድ፤ አለዚያ ሰዓቱ ክር በማጥበቅ ያልቅብሃል።