የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ኬክ ኬክ የሚል የፕሮቲን ስሙዚ

ከጅማና ከአጋሮ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ሲጠጡት ጣፋጭ፣ ሲቆጥሩት ደግሞ ፕሮቲኑ በቂ የሆነ ስሙዚ (በብሌንደር የሚፈጭ ወፍራም መጠጥ) ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል? ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጂም እሠራለሁ፤ የፕሮቲን ፓውደር ግን ዋጋው አልቀመስ ብሎኛል። ያለ ፓውደር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ያለው፣ ቺዝኬክ (ከለስላሳ አይብ የሚሠራ ኬክ) የሚመስል ስሙዚ ማዘጋጀት ይቻላል? በአይብ ሞክሬ አሸዋ አሸዋ አለኝ። (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ይቻላል። ጅማ ለሚኖር ሰው ከፓውደር በፊት መታሰብ ያለበት አይብ ነው ብለን አጥብቀን እናምናለን። 100 ግራም አይብ 14 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ቅቤው ቀድሞ በመናጥ ስለወጣ ስቡ ጥቂት ነው። ትንሽ የሚኮመጥጥ መሆኑም ለቺዝኬክ ጣዕም የሚፈለግ እንጂ ጉድለት አይደለም።

ለአንድ ትልቅ ብርጭቆ 120 ግራም አይብ (ሞላ ያለ 4 የሾርባ ማንኪያ)፣ 200 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት፣ ተቆርጦ ፍሪዘር ውስጥ ያደረ አንድ መካከለኛ ሙዝ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ እና በሁለት ጣት ቆንጠር የተደረገ ጨው ያዘጋጁ። ፕሮቲኑ ሲደመር ከአይቡ 17፣ ከወተቱ 6 ተኩል፣ ከኦቾሎኒው 4፣ ከሙዙ 1 ግራም ያህል ነው፤ በጠቅላላው 28 ግራም ገደማ ይሆናል።

አሸዋ አሸዋ ያሰኘው አይቡ ራሱ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ሳይሆን አይቀርም። አሬራው እሳት ላይ ሲቆይ አይቡ ይደርቅና ጥቃቅን ፍሬ ይሠራል። ከቀዘቀዘው ሙዝ ጋር አንድ ላይ ሲገባ ስሙዚው ወዲያው ይወፍራል፣ ስለቱ ሥር ባዶ አየር ይፈጠራል፣ ፍሬዎቹም ሳይፈጩ ይቀራሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ወተቱንና አይቡን ብቻቸውን አንድ ደቂቃ ይፍጩ። ቆም አድርገው ጠብታውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይሹት፤ ፍሬ ከተሰማዎት ሌላ 30 ሴኮንድ ይጨምሩ። እንደ ክሬም ሲልም የኦቾሎኒ ቅቤውን፣ ማሩን፣ ቫኒላውንና ጨውን፣ በመጨረሻም ሙዙን ያስገቡ። ሲጨብጡት የሚፈረፈር ደረቅ አይብ ከሆነ ከመፍጨትዎ በፊት ወተቱ ውስጥ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ማሩ ከረጋ አስቀድመው በትንሽ ሞቅ ያለ ወተት ያሟሙት፤ ቀዝቃዛው ውስጥ እንዳለ ከገባ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

አይቡን ሲገዙ ኮባውን ገለጥ አድርገው ያሽትቱት። የወተት ዕቃው በወይራ የታጠነ ከሆነ ጭሱ አይቡ ላይ ይቀራል። ከጎመን ጋር ግሩም የሆነው ይህ ሽታ ከቫኒላና ከሙዝ ጋር አይስማማም። እንዲህ ያለውን አይብ ለቡና ወይም ለቸኮሌት ስሙዚ ያቆዩት፤ እዚያ ይዋሃዳል። መራራነት ወይም የእርሾ ሽታ ካለው ግን ለየትኛውም አይሆንም።

ጨውን አይናቁት። ብርድ ምላስ ጣፋጭን የምትለይበትን ኃይል ይቀንሳል፤ ቆንጠር ያለች ጨው ግን ስኳር ሳይጨመር ጣፋጩን ታጎላለች። የቺዝኬክ ሥር እንዲመስል ከፈለጉ ሁለት የሻይ ብስኩት ሰባብረው ከላይ ይነስንሱበት፤ አብሮ ከተፈጨ ግን ሊጥ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ፤ የቤት አይብ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ካልፈላ ወተት ነው፣ ሙቀቱም ዝቅተኛ ነው። ነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ልጆች በአይቡ ምትክ 4 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት በፈላ ወተት ላይ ቢጨምሩ ይሻላል። ከአይቡ የሚወጣውን አጓት ደግሞ የፕሮቲን ምንጭ ነው ብለው አይቁጠሩት፤ በአንድ ብርጭቆ ከ2 ግራም አይበልጥም።

ጥያቄ፦ በፓውደር የቡናና የቸኮሌት ስሙዚ እሠራለሁ። ትኩስ ቡና ስጨምርበት ይጓጉላል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የብርጭቆው ግማሽ አረፋ ብቻ ይሆናል። ፓውደሩ ሐሰተኛ ይሆን? (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ መጓጎሉም አረፋውም የሐሰተኛ ፓውደር ምልክት አይደሉም። ዌይ የሚባለው ፓውደር የሚሠራው ከአጓት ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ቅርጹን ለቅቆ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከጀበና የወረደ ቡና ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ጥቅሙ አልጠፋም፣ የተበላሸው ልስላሴው ነው። አረፋውም የሚመጣው ይኸው ፕሮቲን በኃይል ሲመታ አየር ስለሚይዝ ነው።

አቦሉን ይጠቀሙ፤ ቶናው ወተትና ሙዝ ውስጥ ሲገባ ጣዕሙ ይጠፋል። አንድ ሲኒ ቀድተው ዝቃጩ እስኪጠል ይጠብቁ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ፍሪጅ ውስጥ ያቀዝቅዙ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ካካዎ በሁለት የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ለብቻው ይለውሱ፤ ካካዎ ቀዝቃዛ ወተት ላይ በደረቁ ከተጣለ ይንሳፈፋል፣ መዓዛውም አይወጣም። ከዚያ 150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት፣ ቡናውን፣ የተለወሰውን ካካዎ፣ ግማሽ የቀዘቀዘ ሙዝ፣ ሩብ አቮካዶና ቆንጠር ጨው 40 ሴኮንድ ያህል ይፍጩ። አቮካዶው ሙስ እንደሚባለው የክሬም ጣፋጭ ያለ ልስላሴ ይሰጠዋል፤ ከሩብ ካለፈ ግን ቸኮሌቱን ይሸፍነዋል። ፓውደሩ በመጨረሻ ይገባል፤ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ብቻ በዝቅተኛ ፍጥነት ይምቱት። ማለዳ ቢጠጡት ይመረጣል፤ ማታ ከሆነ ቡናው እንቅልፍ ይነሳል።

ሐሰተኛነትን የሚጠራጠሩ ከሆነ መታየት ያለበት ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ የመጠቀሚያ ጊዜውና የይዘት ዝርዝሩ ነው። በዝርዝሩ መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው፤ ስኳር ወይም ማልቶዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ ካርቦሃይድሬት) ቀድሞ ከመጣ በፕሮቲን ዋጋ ስኳር እየገዙ ነው። ማስ ጌይነር የሚባሉት ክብደት ለመጨመር የሚሸጡ ፓውደሮች አብዛኛው ይዘታቸው ካርቦሃይድሬት ነው። ጥሩ ዌይ በ30 ግራም ማንኪያ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አናናስ በወተትና በፓውደር ፈጭቼ ለልጄ አስቀመጥኩ። ከሰዓት ሲጠጣው መራራ ሆኖ አገኘው። ምን ነክቶት ነው? (ከመርካቶ አካባቢ)

መልስ፦ ጥሬ አናናስ ብሮሜሌን የሚባል ኢንዛይም አለው፤ የወተትን ፕሮቲን ይቆራርጠዋል፣ ከቁርጥራጮቹም መራራ ጣዕም ይወጣል። ፓፓያም ፓፓይን የሚባል ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው፤ ሲበስል ቢቀንስም አይጠፋም። እንደተፈጨ ከተጠጣ ችግር የለውም፣ ሲቀመጥ ነው የሚመረው። የሚቀመጥ ከሆነ አናናሱን በትንንሹ ቆርጠው በጥቂት ውሃ 5 ደቂቃ ያፍሉትና ያቀዝቅዙት፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ያጠፋዋል። ማንጎ፣ ሙዝና አቮካዶ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ቤታችን የሚጾምም ለረመዳን ሱሁር የሚነሳም አለ። ለሁለቱም የሚሆን፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት፣ ግን ጣፋጭ የሚመስል አሠራር ብትነግሩን። (ከአጋሮ)

መልስ፦ በአኩሪ አተር፣ በኦቾሎኒ፣ በበሶና በተምር የሚሠራ የካራሜል ስሙዚ ለሁለቱም ይሆናል። ልፋቱ የአኩሪ አተሩ ወተት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ መቸኮል አይገባም።

100 ግራም አኩሪ አተር ለቅመው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይዘፍዝፉ። ልጣጩን በእጅ እያሹ ያውጡና ያለቅልቁት። መጥፎው የጥሬ ባቄላ ሽታ የሚመጣው ፍሬው በቀዝቃዛ ውሃ ሲፈጭ ከሚነቃ ኢንዛይም ነው፤ ስለዚህ በ700 ሚሊ ሊትር በጣም በሞቀ ውሃ ይፍጩት። የብሌንደሩ ጆግ ፕላስቲክ ከሆነ ከግማሽ በላይ አይሙሉት፣ ክዳኑንም ለእንፋሎት ማምለጫ ከፈት ያድርጉት። በስስ ጨርቅ አጥልለው እሳት ላይ ይጣዱት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወተቱ ሳይፈላ አረፋው ይገነፍላል፤ የፈላ ይመስላል እንጂ አልፈላም። እሳቱን ቀንሰው እያማሰሉ ከእውነተኛው መፍላት በኋላ 20 ደቂቃ ያቆዩት። ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር ስላለው በደንብ ካልበሰለ ሆድ ይነፋል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ደቂቃውን አያሳጥሩ።

ለአንድ ብርጭቆ 250 ሚሊ ሊትር ከዚህ ወተት፣ 30 ግራም የተቆላና የተላጠ ኦቾሎኒ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ በሙቅ ውሃ 15 ደቂቃ የራሱ 3 ተምሮች (ፍሬያቸው የወጣ)፣ ቆንጠር ጨውና ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ ያስፈልጋል። ኦቾሎኒውንና ተምሩን ከወተቱ ግማሽ ጋር ቀድመው ያላሙ፣ ከዚያ ሌላውን ይጨምሩ። የተቆላው ገብስ የብስኩት ጣዕም፣ ተምሩና ጨው ተባብረው የካራሜል ጣዕም ይሰጣሉ። ፕሮቲኑ ከ17 እስከ 18 ግራም ይደርሳል። በሶ ሲቆይ ውሃ ስለሚመጥ ለሱሁር ማታ የሚያዘጋጁ ከሆነ በሶውን ሲነሱ ይጨምሩት። የአኩሪ አተሩ ወተት ፍሪጅ ውስጥ ለሁለት ቀን ይቆያል።

ኦቾሎኒውን ሳይለቅሙ አይቁሉ። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም ሻጋታ የነካው ፍሬ አፍላቶክሲን ሊኖረው ይችላል፤ ይህ መርዝ በመቁላትም በመፍጨትም አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ጥሬ እንቁላል ብጨምርበትስ? በቀን ስንት ግራም ፕሮቲንስ ያስፈልገኛል? ክብደቴ 65 ኪሎ ነው። (ከጅማ)

መልስ፦ ጥሬ እንቁላል አይጨምሩ። ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፤ ሰውነታችንም ከበሰለ እንቁላል የሚያገኘው ፕሮቲን ከጥሬው ይበልጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፤ ቀቅለው ለብቻው ይብሉት። ለጤናማ አዋቂ መነሻው በኪሎ 0.8 ግራም ስለሆነ ለእርስዎ በቀን 52 ግራም ነው። ክብደት የሚያነሳ ሰው በኪሎ ከ1.2 እስከ 2 ግራም፣ ማለትም ለእርስዎ ከ78 እስከ 130 ግራም ሊወስድ ይችላል። ሽሮውና ምስሩም እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ? (ከጅማ)

መልስ፦ አይቡን በማንኪያ ጀርባ እየተጫኑ በወንፊት ያሳልፉት፤ በብሌንደር ከሚፈጨው ብዙም የማይተናነስ ልስላሴ ያገኛል። ያልቀዘቀዘ በደንብ የበሰለ ሙዝ በሹካ ይዳምጡ፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን በጥቂት ሞቅ ያለ ወተት ያላሉት፣ ሁሉንም ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ከቀሪው ወተት ጋር አድርገው ለአንድ ደቂቃ ይናጡ። ጠርሙሱን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉት፤ ባዶ ቦታ ከሌለ አይናጥም። ፍሪጁም ስለማይሠራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠጡት።